የአሥራ ዘጠኝ ሰው ወንፈል

እኛ ሸዋ ሮቢቶች አንድ ትልቅ ጸጋ አለን፤ ከበላያችን ደብረ ሲና አለ። ደብረ ሲና ባይኖር ኖሮ ጥፋታችንን ሁሉ በማን እንደምናላክክ እንጃ። ጎርፍ ሲመጣ ከላይ ነው የመጣው። እኛ እዚህ በጠራራ ፀሐይ የሸሚዛችንን ቁልፍ ፈትተን በካርቶን እያራገብን ሳለ፣ እነሱ ጋ ዝናብ ይወርድና ደመና ሳናይ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ደጃችን ይደርሳል። ጉንፋኑም ከላይ ነው፤ ፍሬን የበጠሰው መኪናም ከላይ ነው። ታዲያ እኔ በገዛ እጄ ያጠፋሁትን ጥፋት «ከላይ ነው የመጣው» ብል ማን ይፈርድብኛል ብዬ ነበር። ፈረዱብኝ። እንዴት እንደፈረዱብኝ ላውጋችሁ፤ ስትስቁ ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ፣ ወገቤ ገና አላገገመም።

ሥራዬ ላቫጆ ነው። አስፋልቱ ዳር ሆኜ የቁልቁለቱን ጭቃና አቧራ ተሸክሞ የሚወርደውን መኪና አጥባለሁ፤ ዘይትም እቀይራለሁ። ቦታው የተከራየሁት ነው፤ የወለሉ አሠራር ግን የራሴ ፈጠራ ነው። ሲሚንቶው ሲለሰን ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ አዘቅዝቄ ስላስደረግሁት፣ ሳሙናውም፣ ጭቃውም፣ የተቃጠለው ዘይትም ማንም ሳይገፋው ራሱ ሄዶ ይገባል። በዚህ ብልሃቴ ስንት ዓመት ኮርቻለሁ መሰላችሁ። ከቦዩ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አስፋልቱን በቱቦ ተሻግሮ በሻይ ቤቶቹ ጓሮ ይወርድና ከዓይኔ ይሰወራል። ከዓይኔ የተሰወረ ነገር ደግሞ ለእኔ ሌላ አገር ነው።

ያ ሌላ አገር ያልኩት የሰይድ ማሳ ኖሯል።

ሰይድ ሚዜዬ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ሳገባ አራት ሚዜ ነበረኝ፤ ሦስቱ ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም፣ ሰይድ ግን አለ። በሰርጌ ዕለት ለእሱ ለብቻው በእስላም እጅ ፍየል ታርዶለት፣ ያንን በልቶ፣ ጠላውን አሳልፎ፣ ዘፈኑን ግን አንድም ሳያሳልፍ ከሁላችንም በላይ የጨፈረ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ከሚስቴ ጋር ተጣልቼ ሁለቱንም ጊዜ ያስታረቀን እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ አህያውን ላቫጆዬ ደጅ ሳያስርና ሻይ ሳንጠጣ አልፎ አያውቅም። ወሬ ይወዳል። የሚያወራው ሰው ካጣ ከአህያው ጋር ያወራል፤ እሷም ለምዳዋለች፣ ጆሮዋን አቁማ ትሰማዋለች።

አንድ ቅዳሜ ግን አህያውን ሳያስር ገባ። በእጁ አንድ ጭብጥ የሽንኩርት ችግኝ ይዟል። ችግኙ ጠውልጓል፤ ሥሩም ጥቁር ነገር ለብሷል። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

ማየትም አላስፈለገኝም፤ ሽታው ብቻውን ነገረኝ። ይህን ያህል ዓመት ዘይት ቀይሬ የተቃጠለ ዘይት ሽታ እንዴት ይጠፋኛል? የጭነት መኪና ይሁን የሚኒባስ ለመለየት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

«ከላይ የመጣ ነው» አልኩት። «ጎርፉ ይሆናል ከደብረ ሲና ያመጣው።»

«ወር ሙሉ ደብረ ሲናም ጠብ አላለም እኮ።»

«ጤዛም ቢሆን እኮ...» ብዬ ጀመርኩና ጤዛው ምን እንደሚያደርግ ጠፋኝ።

ሰይድ ችግኙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ከዚህ የችግኝ መደብ ነቅዬ ነበር ማሳውን ሁሉ የምተክለው። መደቡ ሞተ ማለት ዘንድሮ ሽንኩርት የለኝም ማለት ነው» አለና ችግኙን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአስፋልቱ ማዶ አለፈ። አህያይቱ እንደልማዷ ወደ እኔ ልትዞር ስትል በገመዷ ሳባት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሰይድ ፊት መዞሩን ችዬው ነበር፣ የአህያዋን ወደኋላ እያዩ መሄድ ግን አልቻልኩትም። ከሚስት ጋር ሲጣሉ ሚዜ ይጠራል። ከሚዜ ጋር ሲጣሉ ማን እንደሚጠራ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ቀበሌው የሰፈሩን ሰው ስብሰባ ጠራ። ከማዘጋጃ ቤት ሰላማዊት የምትባል ባለሙያ መጥታ ሾላው ጥላ ሥር ቆማለች። ገና ሳትጀምር ላቧ በፊቷ ይወርዳል፤ የደጋ ልጅ መሆኗን ከዚያ ነው ያወቅሁት። ስለ «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» ላስረዳችሁ አለች። መሠረተ ልማት ሲባል እኛ የምናውቀው አስፋልት፣ መብራትና ቧንቧ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ የመጣልን የለም። እሷ ግን ነገሩን አቅልላ አስረዳችው። ጎርፍ በመንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ፣ ዘይቱንም፣ የእጣቢውንም ሳሙና፣ ላስቲኩንም ጠርጎ ወደ ሮቢ ወንዝና ወደ ማሳ ይወስደዋል። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጠጠርና አሸዋ ተሞልቶ፣ ከላዩ ሣርና ፊላ ከተተከለበት ግን ውሃው ሩጫውን ትቶ እየሰረገ ይገባል፤ ቆሻሻውን እዚያው ይተዋል። ደኅና ነገር ነው ብዬ ከሾላው ግንድ ጀርባ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ። ከግንዱ ጀርባ የተቀመጥኩት ለጥላው ብዬ ነው እንዳልል፣ ጥላው በወዲያኛው በኩል ነበር።

«አሁን የምን ወሬ ነው፣ አብረን እንየው» አለችና አንድ ማዳበሪያ የጤፍ እብቅ አወጣች። «ከማን ደጅ እንጀምር?»

«ከላቫጆው ነዋ» አሉ እትዬ ዘይነባ። እትዬ ዘይነባ ከማዶዬ ሻይ ቤት ያላቸው፣ ለእኔ ታላቅ እህት የሚሆኑ፣ ያዩትን ሳይናገሩ መዋል የማይሆንላቸው ሴት ናቸው።

እብቁን ቦዩ ውስጥ በደጄ በኩል አፈሰሰችው። ጎማውን ከፍቼ ውሃውን የለቀቅሁት እኔው ነኝ፤ ባለቤቱ ይክፈት ተባለ። እብቁ ተንሳፎ መንገድ ጀመረ። ሰፈሩም በሙሉ እብቁን ተከትሎ ወረደ። ላየን ሰው ቀብር የምንሄድ እንመስል ነበር፤ ልዩነቱ ሟቹ እኔ በእግሬ እየሄድኩ መሆኔ ነው። እብቁ በቱቦው አስፋልቱን ተሻገረ። በእትዬ ዘይነባ ጓሮ ሲያልፍ የሻይ ቤታቸው እጣቢ ገብቶ አረፋ ጨመረለት፤ እትዬ ዘይነባ ይህን ሲያዩ ያወሩት የነበረውን ወሬ አቋረጡ። በጋሽ ታደሰ ልኳንዳ ኋላ ሲያልፍም እንዲሁ የማልነግራችሁ ነገር ተጨመረበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ወርዶ ወርዶ የሰይድ መደብ ላይ ተኛ።

ሰይድ መኮትኮቻውን ተደግፎ ቆሟል። መጀመሪያ እብቁን አየ፤ ቀጥሎ ሰዉን አየ፤ መጨረሻ እኔን አየ።

«ከደብረ ሲና የመጣ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት ጋሼ?» አለች ሰላማዊት። ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም፤ እትዬ ዘይነባ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ።

«ብያለሁ» አልኩ።

«እኔ የተወለድኩት ደብረ ሲና ነው። ስንት ነገር እንደምንልክባችሁ አውቃለሁ። ይኼኛው ግን የእኛ አይደለም።»

ሰው ሳቀ። ሰይድ አልሳቀም። «ጾሙ ሲፈታ እንደገና ዘር እጥላለሁ» አለኝ። «አንድ ጊዜ ዘይት አጠጣኸኝ፣ አላህ ይቅር ይበልህ። ዋሸኸኝም፤ እሱንም ይቅር ይበልህ። ሁለተኛውም መደብ በአንተ እጅ ከሞተ ግን ወላሂ፣ ሚዜህ ነኝ ብዬ አልጠራም።» ይህን ሁሉ ድምፁን ሳያነሣ ነው የተናገረው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው ሰላማዊት መጥታ ለካች። መጀመሪያ ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ የሚቀርበትና ወደ በርሜል የሚቀዳበት ትንሽ ገንዳ፤ ከእሱ ቀጥሎ ስምንት ሜትር የሚረዝም፣ እስከ ወገብ የሚጠልቅ ሰፊ ጉድጓድ፤ በላዩ አትክልት። እኔና ሁለቱ አጣቢዎቼ ብቻ ብንጀምረው የሰይድ ዘር በቅሎ፣ ደርቆ፣ ሌላ ዘር ይደርሳል። ሰው ያስፈልገኛል። ሰው የሚጠራው ደግሞ በደቦ ነው።

ብልጥነቴ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይጾማል። ደቦ ብጠራ ለክርስቲያኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጾም ምሳ ላቀርብ ነው፤ ለእስላሙ ደግሞ ማፍጠሪያ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ቴምሩ። ላንድ ጉድጓድ ሁለት ድግስ። ይህን ሳስብ ቆየሁና መላ አገኘሁ፤ ወንፈል ልበለው አልኩ። ወንፈል ድግስ የለውም። ዛሬ አንተ ለእኔ ትሠራለህ፣ ሌላ ቀን እኔ ለአንተ እሠራለሁ፣ በቃ። የገበሬ ነገር ነው፤ ለአረምና ለአጨዳ የተሠራ ነው። የእኔ ጎረቤቶች ባለ ሻይ ቤት፣ ባለ ልኳንዳ፣ ባለ ባጃጅ ናቸው። ምን የሚታጨድ አላቸው? ቀኑን መልስ የሚለኝ አይኖርም ብዬ ደመደምኩ።

ሚስቴ ወይንሸት በከተማችን ዙሪያ ካለው ከቀወት ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ስነግራት የያዘችውን አስቀምጣ አየችኝ።

«አንተ ሰው፣ ወንፈል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ድግስ የሌለው ደቦ ነዋ።»

«ለአባቴ የሞተ ሰው ወንፈል፣ የሟቹ ልጅ መጥቶ ሲመልስለት አይቻለሁ። ወንፈል አይረሳም፣ አይሰረዝም፣ ሞትም አያስቀረውም። ምስር ልቀቅልልህ፣ ደቦ በለው።»

«ምስር ተወዷል» አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ደጄን ስከፍት አሥራ ዘጠኝ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ቆሟል። አምስት ስድስት ይመጣሉ ብዬ ነበር። እብቁ ያልፍበት የነበረው ደጅ ሁሉ ሰው ልኳል፤ ከመስጊዱ ሙአዚኑ ሼህ አወል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛው ሳይቀሩ መጥተዋል። በመጨረሻ ከኋላ አሥራ ዘጠነኛው፣ ሰይድ፣ ብቅ አለ። ሰላም አላለኝም። ከጎኔ ገብቶ ዶማውን አነሣ። ጥጉን ሳልጨርስ ሲያገኘኝ ዝም ብሎ ይጨርስልኛል፤ ላመሰግነው ስዞር ፊቱን ወደ አፈሩ ይመልሳል። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ተይዞ ቁፋሮ ግን ይቻላል፣ ያውም አምሮ።

ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ አራት ሰዓት ላይ ጉድጓዱ አለቀ። ያን ሁሉ ሰዓት አንድም ሰው ውሃ አልጠጣም። ድግስ ለማምለጥ ብዬ ወንፈል ያልኩት ስለሆነ እፍረት ቢጤ ተሰማኝ፤ ጸጸቴ ግን ቶሎ ለቀቀኝ። ሲሄዱ እያንዳንዳቸው «እንግዲህ ቀኔን ጾሙ ሲፈታ እነግርሃለሁ» እያሉ ጨበጡኝ። እኔ «በሰላም ግባ» እንደሚባለው ያለ መልካም ንግግር መሰለኝ። «እሺ፣ እሺ፣ ደስ ይለኛል» አልኩ። አሥራ ስምንት ጊዜ። ሰይድ ሳይጨብጠኝ ሄደ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የመጀመሪያው ባለቀን የባጃጅ ሹፌሩ ከማል ነው። ጾሙ እስኪፈታም አልጠበቀም። ገንዳው ተሠርቶ፣ ጉድጓዱም ጠጠርና አሸዋ ተሞልቶ ሲያበቃ፣ ሣሩ ቶሎ ይዞ ላዩ ለምለም ሜዳ ሲመስል፣ ከማል ለግድግዳዬ ጥላ ብሎ ባጃጁን እላዩ ሊያቆም ገባ። አፈሩ ገና አልረጋም ነበርና ባጃጁ በሆዷ እስክትተኛ ሰጠመች። እሱ ውስጧ እንደተቀመጠ፣ ጭቃው እስከ ወንበሩ እየደረሰ፣ በእርጋታ «ቀኔን አሁን እፈልጋታለሁ» አለኝ። አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ሞተሯን አድርቄ ሳስረክበው መሸ። እንግዲህ ያ ቀላሉ ነበር።

በዒድ ሦስተኛው ቀን እትዬ ዘይነባን እንኳን አደረስዎ ልል ብስኩት ይዤ ገባሁ። ዶማ ይዘው ተቀበሉኝ።

«ቀኔን» አሉ።

«እትዬ ዘይነባ፣ እርሻ የለዎት፣ ምን ላድርግልዎ?»

«ያንተን የመሰለ ጉድጓድ። የእኔም እጣቢ ሰይድ ጋ ነው የሚወርደው፣ በእብቁ ቀን አይቼዋለሁ። እስከዛሬ አንተን ሳማ ኖሬ ለካ እኔም አለሁበት። የሰው ሽንኩርት አንገቴ ላይ ይዤ አላህ ፊት አልቆምም። በል ብስኩቱን ወዲህ በለውና ጀምር።»

ቆፈርኩላቸው። እሳቸው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው፣ እኔ ሳርፍ «አብሽር፣ ትንሽ ነው የቀረህ» እያሉ አበረታቱኝ። ትንሽ የቀረኝ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ጎርፉ ወረደ፤ የሰው ጎርፍ። ሼህ አወል የመስጊዱ የውዱእ ውሃ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ጭቃ ስለሚያደርግ ወደ ማንጎው ሥር ይመለስልኝ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የጣሪያው ውሃ የሚያርፍበት ይበጅልን አለ። ጋሽ ታደሰ የልኳንዳውን ነገር ይዞ መጣ፤ ስለዚያ ቀን ማውራት አልፈልግም፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ጥሬ ሥጋ አልበላሁም። አንድ የማውቀው ሹፌር ዘይት ሊቀይር መጥቶ ሲያጣኝ ፈልጎ ፈልጎ መስጊዱ ግቢ ጉድጓድ ውስጥ አገኘኝና «ሰለምክ እንዴ?» አለኝ። ወንፈል ነው አልኩት። በሳምንቱ ሲመለስ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉድጓድ ውስጥ አገኘኝ። ምንም ሳይጠይቀኝ ዘይቱን ሌላ ከተማ ሊቀይር ሄደ።

እርሻ የላቸውም ያልኳቸው ከተሜዎች ደግሞ ለካ ግማሾቹ ቀወት ውስጥ መሬት አላቸው። አንዱ ማሾ አሳረመኝ። አንዱ ቀኑን አስቀመጣት፤ ማሽላው ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቼ ግሪሳ ወፍ እንዳባርርለት ለጥቅምት ቀጠረኝ። ወንጭፍ አልችልም ብለው «እስከ ጥቅምት ትለማመዳለህ» አለኝ። እጄ ቆስሎ፣ ወገቤ ጎብጦ ቤት ስገባ ወይንሸት ውሃ ታሞቅልኛለች። አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን ግን ራት አቀረበችልኝ፤ ምስር ነበር። አቅርባልኝ አጠገቤ ተቀምጣ ስበላ ታየኝ ነበር።

በዚህ መሐል ሰላማዊት እንግዶች ይዛ መጣች። ሰፈራችን ሞዴል ሆኗል ተባለ። በቦዩ መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ሣር በሣር ነው፤ ሙዝ የተከለም አለ። አንዱ እንግዳ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ «ኅብረተሰቡን ለማነሣሣት የተጠቀማችሁበት ስልት ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምስር ተወዶ ነው» አልኩት።

ሰላማዊት ቶሎ ብላ «ነባር ባህላዊ የትብብር ልማድን በመጠቀም ማለታቸው ነው» አለችው። ጻፈው። እኔም ያንን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ወይንሸት ፊት ግን አልናገረውም።

እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ሄዱ። እኔን ደስ አላለኝም። ሰይድ ዘሩን ጥሏል፤ ችግኙ ብቅ ብሎ ጣት ያህል ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሄጄ ግን አላየሁም፤ ምን ብዬ እሄዳለሁ? የጉድጓዶቹን ሥራ ያመሰገነ ሁሉ ያመሰገነው በደረቅ ቀን ነው። ጎርፍ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፣ ሰላማዊትም «እናያለን» ነው የምትለው። ሌሊት ሌሊት ሣሩም ፊላውም ተነቅሎ፣ የስንት ዓመት ዘይቴ ከቦዩ ሥር ተነሥቶ፣ ያ መደብ ላይ ሲተኛ ይታየኛል። ማታ ማታ ስለ ሽንኩርት ስጸልይ የሰማኝ ሰው ቢኖር ስለት የተሳልኩ ይመስለው ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ጋ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቀና ስል ተራራው ጠቁሯል። ደብረ ሲና አይታይም። ዶማዬን ይዤ ሮጥኩ። ለምን ዶማ እንደያዝኩ አትጠይቁኝ፤ ከእጄ መለየት ትቷል። ሦስት ሰዎች «የማን ወንፈል ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሩጫዬን ቀጠልኩ። ሰይድ ማሳ ስደርስ እሱም መደቡ ራስጌ ቆሟል። ጎን ለጎን ቆምን። ሁለታችንም ወደ ላይ አየን።

ጎርፉ ሲወርድ ድምፁ ቀድሞ ተሰማን። በፊት በፊት እያገሳ ነበር የሚደርሰው። አሁን ከላይ ያገሳል፣ እየቀረበ ሲመጣ ግን ድምፁ እየወረደ፣ በየጉድጓዱ ላይ እየቆመ፣ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ መጣ። የሰይድ ቦይ ጋ ሲደርስ በእርጋታ የሚሄድ ቀይ ውሃ ነበር። የዳሩን ሁለት ረድፍ ችግኝ ደለል አልብሶ አለፈና ሌላውን ሳይነካ ተኛ። ሰይድ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ቀዳ። አገላብጦ አየው። አሸተተው። እኔ ዶማዬን አቅፌ ጠበቅሁ።

«ጭቃ ነው» አለ።

«ጭቃ ብቻ?»

«ጭቃ ብቻ። ይኼኛው እንኳ በእውነት ከደብረ ሲና ነው።»

ሳቀ። እኔ መሳቅ ጀምሬ እንባዬ መጣ፤ ላቤ ነው ብዬ በእጅጌዬ ጠረግሁት፣ አመነኝ አላመነኝ እንጃ። ከዚያ ሁለታችንም ገብተን ጭቃ የለበሱትን ሁለት ረድፍ በጣታችን እየፈለግን አንድ በአንድ ቀና አደረግናቸው። ስንጨርስ ሁለታችንንም የሚለየን ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሰውን ሁሉ አዳርሼ፣ የግሪሳውን ቀን ለጥቅምት አቆይቼ፣ የሰይድ ቀን ብቻ ቀረችኝ። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ እሱ አልጠየቀኝም። ችግኙ ተነቅሎ የሚተከልበት ሳምንት ሲደርስ ራሴ ሄድኩ። ጎህ ሲቀድ ማሳው ላይ ደረስኩ። ሚስቱና ልጆቹ መትከል ጀምረዋል። ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል ሰይድ በእጁ ከለከለኝ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ቀንህን ልመልስ።»

«አልጠየቅሁህም እኮ።»

«ብትጠይቀኝስ ባትጠይቀኝስ? ቆፍረህልኛል፤ ያውም ከሁሉም በላይ። ወንፈል ወንፈል ነው።»

«እሷን ቀን አልወስዳትም» አለ ሰይድ። የእጁን አፈር አራገፈ። «ቀኔን ብወስዳት እኔና አንተ ሒሳብ ዘጋን ማለት ነው። አንተም ትሄዳለህ፣ እኔም እሄዳለሁ። ካልወሰድኳት ግን የእኔ ሰው ነህ። ያን ዕለት ላቫጆህ የመጣሁት ጉድጓዱ አሳስቦኝ መሰለህ? ለጉድጓዱ አሥራ ስምንት ሰው ነበረህ። ላኮርፍህ ፈልጌ አቃተኝ። እንዲያው ወዳጅነታችንን በምን ይዤ ላቆየው ብዬ ዶማ ይዤ መጣሁ።»

ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። «እንዲያው ልርዳህ» አልኩት።

«በወንፈል ከሆነ አይሆንም።»

«በምንም አይደለም።»

«እንግዲያስ ግባ» አለኝና አንድ ጭብጥ ችግኝ አስያዘኝ።

ቀኑን ሙሉ ተከልን። ያቺ ቀን ግን አልተቆጠረችም፤ ሰይድ ራሱ ለሚስቱና ለልጆቹ ሦስት ጊዜ አስመስክሯል። ሌላውን ሁሉ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ የግሪሳዋም ብትሆን አንድ ቀን ናት። ይህችን የሰይድን አንዷን ቀን ግን እንዳይጠይቀኝ እፈራለሁ።